ከወንበር ኋላ ያለ ሞተር

አባቴ ስለዚያች መኪና መጀመሪያ የሰማው ከእኔ ነው። ኔትወርክ ለብዙ ጊዜ ጠፍቶ የተመለሰ ሰሞን ነበር። ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የዘመዱን ደኅንነት ይጠይቃል። እኔም የምጠይቀውን ጠይቄ ስጨርስ የመኪና ወዳጆች የሚጽፉበትን ገጽ ከፈትሁ። እዚያ አገኘኋት። ቢጫ ናት፤ ከመሬት የተጠጋች፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የእሽቅድምድም ዓይነት መኪና። ሞተሯ ከፊት አይደለም። ከሹፌሩ ወንበር ኋላ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ቀደም ብሎ፣ መሐል ላይ ተቀምጧል። የቀድሞዋ ሞዴል ትልቅ ሞተር ነበራት፤ አዲሲቱ ግን አነስ ያለ ሞተር ከቱርቦ ጋር ይዛ መጣች። በዚህ ምክንያት የዓለም የመኪና ወዳጅ ለሁለት ተከፍሎ ይሟገት ነበር።

እኔ ዳባት ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የመኪና ፍቅር ከየት እንደያዘሽ ንገሪን የሚሉኝ ሰዎች አባቴን ቢያውቁት አይጠይቁኝም ነበር። አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ እስከ ቆላ ይዘልቃል። ትምህርት ሲዘጋ አንዳንድ ቀን ይዞኝ ይሄዳል። ያን ጊዜ የአውቶቡስ ሞተር ከሹፌሩ ጎን ነው፤ በብረት ክዳን ይሸፈናል፣ ክዳኑ ላይ ብርድ ልብስ ይነጠፋል። የእኔ መቀመጫ እሱ ነበር። የወገራ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲገባ ከሥሬ ሙቀት ይመጣልኛል። አባቴ ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ ድምፁን ለወጥ ሲያደርግ ጆሮዬ ሳይሰማ አጥንቴ ይሰማል። እናቴ «ልጅቱን ጥሩምባ አደረግኻት» ትለው ነበር፤ ቤት ስገባ የሞተሩን ድምፅ በአፌ እየሠራሁ ስለምገባ ነው።

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ከሰዓት በኋላውን የሚያሳልፈው በልጅነት ጓደኛው ሱቅ ነው። ጓደኛው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፤ መካ ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ ከተማው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ከተበላሸ ሚኒባስ የተነቀለ ወንበር አለ። አባቴ ከወንበሩ በአንዱ ጫፍ ይቀመጣል፣ ሐጂ ገበያ ሲቀዘቅዝ በሌላው ጫፍ ይቀመጣሉ፣ አላፊውን መኪና ሁሉ ያማሉ። የትኛው ሹፌር ፍሬን እንደሚያቃጥል፣ የትኛው ጭነት እንደሚያበዛ እዚያ ወንበር ላይ ይፈረዳል።

ከክፍል ስወጣ ወደዚያው ሄድሁና ስልኬን አሳየኋቸው።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ለረዥም ጊዜ አያት። «ቆንጆ ናት» አለ። «መሬቱን እየላሰች ነው እንጂ የምትሄድ! ታዲያ የሚሟገቱት በምኗ ነው?»

«በሞተሯ ነው፤ ትልቁን አውጥተው ትንሽ አስገቡባት ብለው። አንዱ ነፍሷን ወሰዱባት ይላል። ሌላው ደግሞ ድምጿ ድሮ ጸጉር ያቆም ነበር፣ አሁን ቱርቦ ስለገባባት በትራስ እንደታፈነ ሰው ሆነች ይላል።»

«ቱርቦ ስላስገቡባት ነው የሚያለቅሱት?»

«አዎ አባባ።»

«የት አገር ነው የሚኖሩት እነዚህ ሰዎች?»

«በየአገሩ።»

«የባሕር ጠረፍ ሰዎች ቢሆኑ ነው» አለና መነጽሩን አወለቀ። «አየር የጠገበ ሰው ነው እንዲህ የሚናገር።»

ሐጂ ሳቁ። እኔ ግን መጀመሪያ አልገባኝም። አባቴ ያብራራልኝ ጀመር። እኛ ያለንበት ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ሰው ዳገት ሲወጣ እንደሚያለከልከው ሞተርም ያለከልካል፤ ነዳጅ ቢሰጡት የሚያቃጥልበት አየር ያጣል። ቱርቦ ማለት ሞተሩ የሚተፋው ትኩስ ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር እንዲያሽከረክር ማድረግ ነው። መዘውሯ በተራዋ ንጹሕ አየር እየገፋች ለሞተሩ ታጎርሰዋለች።

«የተፋውን ትንፋሽ መልሶ ሥራ ማስያዝ ነው» አለኝ። «ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ። እነሱ ነፍሷን ወሰዱባት ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ነፍስ ዘሩባት እላለሁ።»

ከዚያ ያን ጊዜ ድረስ ያልሰማሁትን ነገረኝ። መጀመሪያ ቱርቦ ያለው አውቶቡስ የተሰጠው ቀን፣ ከቆላ ሲመለስ ሊማሊሞን ተያያዘው። ድሮ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣበትን ዳገት በሁለተኛ ሲገባበት ከሞተሩ ውስጥ ፉጨት ተነሣ። ሰዉ ተደናገጠ። አንዲት ሴት «ኧረ ጎማው ተነፈሰ!» ብላ ጮኸች። ከፊት ወንበር የተቀመጡ የደረስጌ ቄስ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ወደ አባቴ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህ የሚያፏጨው ምንድን ነው?»

«ቱርቦ ነው አባቴ።»

«በጎ ነው ክፉ?»

«ዳገት የሚያወጣ ነው።»

ቄሱ ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያስ በጎ ነው» አሉና መስቀሉን ወደ ሞተሩ ክዳን አድርገው ባረኩት። አባቴ እንደሚለው ያ አውቶቡስ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ዳገት ላይ አልቆመም።

በቱርቦው ነገር እንዲህ በአንድ ቃል ተስማማን። የሞተሯ ቦታ ግን ጠብ አመጣ። አባቴ ሞተር ከሹፌር ኋላ መሆኑን ጨርሶ ሊቀበለው አልቻለም።

«ሞተር ጓደኛ ነው» አለ። «ጎንህ ሆኖ ይነግርሃል። ሲጠማው ይነግርሃል፣ ሲሞቀው ይነግርሃል። ከኋላህ አስቀምጠኸው እንዴት አድርገህ ታየዋለህ? የሚከተልህን ነው ወይስ የሚመራህን ነው የምትነዳ?»

«አንተ ሰውዬ» አሉ ሐጂ፣ «በቅሎ ጭነህ አታውቅም?»

«ጭኛለሁ እንጂ።»

«ጭነቱን አንገቷ ላይ ነው የምታደርገው?»

«አይደለም።»

«ዳሌዋ ላይ ነው?»

«አንተ ደግሞ!»

«ወገቧ ላይ፣ መሐል ነው የምትጭን። ለምን? አንገቷ ላይ ብትጭን ቁልቁለት ላይ ትደፋለች፤ ዳሌዋ ላይ ብትጭን ዳገት ላይ ትቀመጥብሃለች። ሞተር የመኪና ከባዱ ጭነት ነው። እነዚህ ሰዎች እንደ ደኅና ነጋዴ መሐል ላይ ጫኑት። ምን አጠፉ?»

ከስልኬ ያነበብሁት ረዥም ጽሑፍ በብዙ ቃላት የሚለው ይህንኑ ነበር፦ ክብደቱ መሐል ስለሆነ መኪናይቱ ኩርባ ላይ ሳትንገዳገድ ትዞራለች። አባቴ ግን ተነሥቶ ወደ ቤት ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «የሐጂ በቅሎ ልክ ናት» አለ። ሌሊቱን ሲያስበው አድሮ ትዝ ያለው በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ቀን የሆነ ነገር ነው። ረዳቱ የነጋዴዎችን እህል በሙሉ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ኋለኛ ጫፍ ላይ ከመረው። ዳገቱን ሲጀምሩ መሪው በእጁ ውስጥ እንደ ላባ ቀለለ፤ ቢያዞረውም የፊት ጎማዎቹ እሺ አይሉትም። ዳር ይዞ ቆመና ጆንያውን አንድ በአንድ ወደ መሐል አስመለሰው። «ያን ቀን እጄ ያወቀውን ነገር አፌ እስከ ዛሬ አልተናገረውም ነበር» አለኝ።

እናቴ ሁሉንም ከማድ ቤት ሆና ስትሰማ ቆይታ ነበር። «ቆይ እስቲ» አለች፣ «ሞተሩ መሐል ከገባ፣ ሰው ሁለት ብቻ ከሆነ፣ ዕቃ የት ይጫናል?»

«ከፊት፣ ሞተር ይኖርበት በነበረው ቦታ ትንሽ ጉድጓድ አላት እማ። ሻንጣ ይገባባታል።»

«አንድ ቁና ገብስ?»

«ይገባል።»

«እንግዲያ ትምጣ» አለች።

እንደዚያ እያልን ብዙ ሳምንት አለፈ። አዲስ አስተያየት በወጣ ቁጥር አነብላቸዋለሁ፤ ተርጉሜ ሳልጨርስ ፍርድ ይሰጣሉ። በጣም ያሳዘናቸው የግራ እግር ነገር ነው። መኪናይቱ ማርሹን ራሷ ስለምትቀይር ፍሪሲዮን የሚባለው የግራ እግር መርገጫ የላትም። አባቴ ይህን ሲሰማ እንደ ለቅሶ ቤት ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ ግራ እግሩ ምን ይሠራል?» ሲለኝ «ያርፋል» አልሁት። «ሰው እግሩን ለማሳረፍ መኪና ውስጥ ይገባል?» አለ። ሐጂም በዚህ ከእሱ ጋር ሆኑ።

ጥምቀት አልፎ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን፣ ሐጂ ስልክ ደወሉልኝ። ድምፃቸው የሠርግ ቤት ድምፅ ነበር።

«አባትሽን ይዘሽ ነይ። ያችን መኪና በእጁ የነካት ሰው ሱቄ ቆሟል!»

ስንደርስ ከጎንደር በተከራያት መኪና የመጣ፣ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ሰው አገኘን። ወላጆቹ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ከዳባት ወጣ ብሎ ካለ መንደር ተነሥተው በሱዳን በኩል በእግራቸው ሄደው እስራኤል ገቡ። እሱ የተወለደው እዚያ ነው። ወላጆቹ ሞተው ከቀበራቸው በኋላ መንደራቸውን ሊያይ መጥቷል። ሐጂ ሱቅ የገባው ለመኪናው ፊውዝ ሊገዛ ነው። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ሥራው ምን እንደሆነ ቢጠይቁት፣ እንዲህ ያሉ የእሽቅድምድም መኪኖች የሚጠገኑበት ጋራዥ ውስጥ መካኒክ እንደሆነ ነገራቸው። ሐጂ ፊውዙን በእጃቸው እንደያዙ ነው የደወሉልኝ።

አማርኛው ገረመኝ። ከእናቱ አፍ ብቻ የተማረው ስለሆነ፣ እኛ የተውናቸው ቃላት ሁሉ እሱ ዘንድ ነበሩ። ቀስ ብሎ፣ ቃሉን ሞልቶ እንደ ባላገር ሽማግሌ ይናገራል። «እንደምን ሰነበታችሁ» ሲል አባቴ ተነሥቶ እጅ ነሣው።

«ልጄ፣ እውነት ነው አሉ?» አለው አባቴ። «ነድተሃታል?»

«ነድቻለሁ አባባ። ከጥገና በኋላ ልትፈተሽ ስትወጣ እኛ ነን የምንነዳት።»

«በል ንገረን። የወሬ ወሬ ሰልችቶናል።»

እንግዳው ከተነቀለው ወንበር መሐል ተቀመጠ፤ አባቴና ሐጂ ግራና ቀኙን ያዙ፤ እኔ ደጃፉ ላይ ቆምሁ። መጀመሪያ እሱም ካዘኑት ወገን እንደነበረ ነገረን። የቀድሞዋን ሞተር ብዙ ጊዜ ፈቶ ገጥሟታል። መርገጫውን እስከ መጨረሻው ሲጫኗት የምታሰማው ድምፅ ሥራ ሲበዛበት ያጽናናው ነበር። አዲሲቱ ወደ ጋራዡ ስትመጣ ከጓደኞቹ ጋር ከብበዋት ቆመው፣ ገና ሳይነዷት አሟት።

«ኋላስ?» አለ አባቴ።

«ኋላማ ተራው ደረሰኝና ወጣሁ። ከከተማው ውጭ ኩርባ የበዛበት ኮረብታ አለ። የመጀመሪያውን ኩርባ ስገባ ገና መሪውን ነካ ሳደርገው ዞረች። እኔ ያዞርኋት አልመሰለኝም፤ ያሰብሁትን ያወቀች መሰለኝ። ከኩርባው ስወጣ ቱርቦው ገባ። እንዴት ልበልዎት? ከወገብዎ ላይ እጁን አድርጎ የሚገፋ ሰው አለ። አይመታም። ይገፋል፤ አያቋርጥም።»

«ዘግየት ብሎ ነው ይላሉ የሚነሣው» አልሁት። ብዙዎች የጻፉት ቅሬታ ይህ ነበር።

«በድሮ ቱርቦ ልክ ነሽ። ረግጠሽ ትጠብቂያለሽ። ይችን ግን እግርሽን ሳታነሺ ታገኚያታለሽ።» ፈገግ አለ። «እንከን የላትም አልልም። የብርዱንና የሙቀቱን ቁልፍ ሁሉ ወስደው እንደ ስልክ በጣት የሚነካ መስታወት ላይ አድርገውታል። እየነዳሽ በጣትሽ ስትፈልጊ መንገዱን ትረሺዋለሽ። ስፋቷም በዝቷል። ድምጿም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያችኛዋን አያህልም። ግን እኔ ድምፅ ፈልጌ ከሆነ መዝሙር እሰማለሁ። መኪና ከሆነ የምፈልገው እሷን ነው።»

አባቴ ጭኑን መታ። «እሰይ! ይህን ቃል ጻፊልኝ» አለኝ።

ከዚያ ስለ ፍሬኗ፣ ስለ ጎማዋ፣ ሞተሯ መሐል ሆኖ ሙቀቱ በየት እንደሚወጣ ጠየቀው። እንግዳው በጎኖቿ ላይ ያሉትን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች በፎቶ እያሳየ መለሰለት። ሐጂ ስለ መለዋወጫ ዋጋ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ አባቴ «ዛሬ ንግድ የለም» ብሎ ዝም አሰኛቸው። ሲመሽ እንግዳውን ቤታችን ይዘነው ሄድን። በማግስቱ መንደሩን ልናሳየው፣ ከዚያም አባቱ ሲያወሩት የኖሩትን ሊማሊሞን ልናሳየው ተስማማን። የትምህርት ዕረፍት ስለነበር እኔም አብሬ ሄድሁ።

መንደሩ ስንደርስ ከቤቶቹ ምንም አልቀረም። ቦታው ገብስ ተዘርቶበት፣ ታጭዶ፣ ቃርሚያ ብቻ ቀርቷል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግን የእንግዳውን አያት ያስታውሱ ነበር። ብረት ሠሪ ነበሩ፤ የአካባቢው ማረሻ ሁሉ ከእሳቸው እጅ ነው የሚወጣው። ሽማግሌው እየመሩ ወስደው ወናፉ የነበረበትን ቦታ አሳዩን። አፈሩ ውስጥ ጥቁር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ከብረት የተረፈ ድንጋይ ይገኝ ነበር። እንግዳው ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሣና በመዳፉ ውስጥ አገላበጠው።

ሽማግሌው ከተለዩን በኋላ «አባቴ ሲነግረኝ» አለ ወደ አባቴ ሳያይ፣ «አገሩ ብረት ሠሪን ይንቅ ነበር አለኝ። ዓይነ ክፉ ናቸው ይሉን ነበር አለኝ። እውነት ነው አባባ?»

አባቴ ኮፍያውን አወለቀ።

«እውነት ነው ልጄ። እኔም ልጅ ሆኜ ስሰማው አድጌአለሁ። ቤታቸው እንዳንገባ ይነገረን ነበር። በእነሱ ማረሻ ታርሶ የመጣውን እንጀራ ግን እንበላ ነበር። ምን ብዬ ልመልስልህ? ነውር ነበር።»

እንግዳው ራሱን ነቀነቀ። ድንጋዩን ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወደ መኪናው እየሄድን ሳለ፣ «አያቴ ያችን መኪና ቢያያት ምን ይል ነበር ይመስልዎታል?» አለው።

«ማን ቀጠቀጠው ብሎ ይጠይቅ ነበር» አለ አባቴ። «የሠራውን ሰው ስም ሳይጠይቅ ስለ ብረቱ አያወራም፤ ብረት ሠሪ እንደዚያ ነው።»

ደባርቅን አልፈን ሊማሊሞ አፋፍ ስንደርስ እንግዳው መኪናውን አቆመና ወረደ። ከሥራችን ተራራው እንደ ተቆረሰ ዳቦ ተገምሶ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። አይቶ ሲጠግብ ተመልሶ ገባና ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ ራሱ ነዳ፤ ሥር ስንደርስ ቁልፉን ለአባቴ ዘረጋለት።

«መውጣቱን እርስዎ ያውጡን።»

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላም መንጃ ፈቃዱን ማሳደስ አልተወም ነበር። ቁልፉን ተቀብሎ መሪውን ያዘ። ኪራይ መኪናዋ ቱርቦ የላትም። ከፍ ባልን ቁጥር ትንፋሽ እያጠራት መጣች። አባቴ ሳያስገድዳት፣ ማርሹን ቀደም ቀደም እያለ እየቀየረ፣ ኩርባውን ከውጭ ገብቶ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ይዟት ወጣ። እንግዳው ከጎኑ ተቀምጦ እግሩንና እጁን ብቻ ያያል።

«አሁን እዚህ ላይ እሷ ብትሆን ኖሮ—» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል» አለው አባቴ በሹክሹክታ፣ የመኪናዋን ደረት በእጁ መታ መታ እያደረገ። «ይቺ ትሰማለች፤ ትቀናብናለች።»

እንግዳው እስኪያነባ ሳቀ። ቀጥሎ ያለውን ኩርባ ሲጨርሱ ግን አባቴ ራሱ አልቻለም። «እሷ ብትሆን ይህን በስንተኛ ማርሽ ትወጣው ነበር?» አለው። ከዚያ እስከ አፋፉ ድረስ በየኩርባው ቆመው እየተጠያየቁ፣ ያችን ቢጫ መኪና በአፋቸው እየነዱ ወጡ። አባቴ ያንን መንገድ እንደዚያ ሲስቅበት አይቼው አላውቅም። ያን መንገድ ሲነዳ ሁልጊዜ ኋላው ሰው ነበረበት፤ ሲያስቡት ዕድሜውን ሁሉ የሌላ ሰው ነፍስ ተሸክሞ ነው የወጣው የወረደው።

አፋፉ ላይ እንግዳው ወደ እኔ ዞረ። «እስከ ዳባት አንቺ ንጂ።»

«መንዳት አልችልም» አልሁት።

መጀመሪያ የቀለድሁ መሰለው። «ይህን ሁሉ እያወቅሽ?»

እውነቱ ማንም ከልክሎኝ አያውቅም፤ ማንምም ነይ ተለማመጂ ብሎኝ አያውቅም። ወንድሞቼ ገና ጢም ሳያወጡ መሪ ጨብጠዋል። የእኔ ነገር በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም፤ እኔም አንሥቼው አላውቅም። አባቴ ወደ ገደሉ በኩል ፊቱን አዙሮ ቆመ። እስከ ዳባት እንግዳው ነዳ።

እንግዳው ሲሄድ ስልክ ቁጥር ተለዋወጥን። ለተወሰነ ጊዜ ኔትወርክ ሲኖር ሰላምታ እየተላላክን ቆየን። አንድ ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሱቅ ሳለን ስልኬ ጠራ፤ በምስል ነው የደወለው። ሥዕሉ ተንቀጥቅጦ ሲጠራ የሥራ ልብሱን ለብሶ ዝቅ ያለ ወንበር ውስጥ ተቀምጧል። ጓደኛው ነው የሚነዳው።

«አባባ! ውስጧ ነኝ። ልንፈትሻት እየወጣን ነው። አብረውን ይሂዱ።»

አባቴ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። ሐጂ በትከሻው ላይ አጎነበሱ። መንገዱ፣ ኮረብታው፣ የወይራ ዛፎች እየሮጡ መጡ። እንግዳው ስልኩን ወደ ኋላ አዙሮ በትንሿ መስታወት በኩል ሞተሯን አሳየው፤ ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ናት። ከዚያ «ይያዙ!» አለ። ጓደኛው ረገጠ።

አባቴ በተነቀለው የሚኒባስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ኩርባ ሲመጣ ወደ ጎን ዘንበል አለ፤ ሐጂም አብረው ዘንበል አሉ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሥዕሉ ቆመ፤ ኔትወርኩ ደከመ። ድምፁ ግን አልተቋረጠም። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ከስልኬ ትንሽ ድምፅ ማውጫ ሞተሩ ሲያድግ፣ ማርሹ ሲቀየር፣ ቱርቦው ሲተነፍስ ይሰማ ነበር። ከዳባት አደባባይ የባጃጅ ጥሩምባ እየገባበት እንኳ ለይቶ ይሰማው ነበር።

«ታፍኗል ያሉት የቱ ነው?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ይህማ ይዘምራል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው እንጂ የሚዘምረው። ደብተራ ሁሉ መጮኽ አለበት?»

ድምፁም ሲቋረጥ ስልኩን መለሰልኝ። ሐጂ «እሺ፣ ፍርዱ ምንድን ነው?» አሉት።

አባቴ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። «ሞተር ከኋላ አይሆንም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ወንድም ሁልጊዜ ከጎንህ አይሄድም፤ አንዳንዴ ከጀርባህ ይቆማል። ከጀርባ ሲቆም ደግሞ ሰው ይበልጥ ይደፍራል። ቱርቦዋን ለሚነቅፉት ደባርቅ መጥተው ዳገት ይውጡ በያቸው። የግራ እግሩን ነገር ግን አልተቀበልሁም፤ እሱን ንገሪያቸው።»

ይህን ቃል በቃል ተርጉሜ እዚያ ገጽ ላይ ጻፍሁት። ሰሜን ተራራ ላይ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው የሚለው ይህን ነው ብዬ አስቀመጥሁት። የማላውቃቸው ሰዎች ከብዙ አገር ምስጋና ላኩለት፤ በግራ እግሩ ነገር የሚደግፉትም ብዙ ነበሩ። አንድ በአንድ አነበብሁለት፤ ሁለተኛም አስነበበኝ።

በሳምንቱ መጨረሻ ገና ቁርስ ሳልበላ አባቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የሐጂን አሮጌ ፒክአፕ ተውሶ ደጅ አቁሟታል።

«ነይ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ነይ ብያለሁ።»

ከከተማው ወጥተን ገብስ የታጨደበት ሜዳ አጠገብ ያለው ጥርጊያ መንገድ ላይ ስንደርስ ወረደና በወዲያኛው በር ገባ። የሹፌሩን ወንበር ለቀቀልኝ። ምንም አልገለጸም፤ ይቅርታም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠበቅሁም። መሪውን ያዝሁ። መጀመሪያ ሞተሩን አጠፋሁት። እንደገናም አጠፋሁት። «ቀስ፣ ቀስ» ይላል፣ «እግርሽ እንጂ ሐሳብሽ አይቸኩል።» ሦስተኛ ጊዜ ፒክአፗ ተንገጫግጫ ተነሣች። ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ እጁን እጄ ላይ አደረገ፣ ለሦስተኛው ግን እጁን አነሣ።

ከባሕር ዛፎቹ ዞር ስንል ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች በመንገዱ መሐል እየመጡ ነበር፤ ሴቶች ጌሾና ዶሮ ይዘው፣ ወንዶች ከአህያ ኋላ። ከመሪው ጀርባ ሴት ሲያዩ አንዳንዶቹ ቆመው አዩ። ጥሩምባውን መንፋት ፈልጌ አባቴን አየሁት። «ተያቸው፤ ራሳቸው ያዩሻል» አለኝ። መንገድ ለቀቁልን። አባቴ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ አንድ በአንድ «እንዴት አደራችሁ» እያለ ሰላምታ ይሰጣቸው ጀመር፤ እኔም መንገዱን እያየሁ ነዳሁ።